ጲላጦስ ለቄሳር ምን ጻፈ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከሞጣ ነው። ዲያቆን ነኝ፤ ጎን ለጎን ኮሌጅ እማራለሁ። ሰኔ 25 ቀን ስንክሳሩ ሲነበብ የጲላጦስ መታሰቢያ መሆኑን ሰማን። ከቅዳሴ በኋላ ዝናቡ አላስወጣን ብሎ ደጀ ሰላም ተቀምጠን ሳለ ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛዬ «ጲላጦስ የጌታን ነገር አንድ በአንድ ጽፎ ለጢባርዮስ ቄሳር ልኳል፤ ደብዳቤው እስካሁን ሮም ተቀምጧል» አለ። ሌላው ደግሞ «ሮማውያን ስለ ክርስቶስ አንዲት ቃል አልጻፉም» ብሎ ድርቅ አለ። የኔታ ዝም ብለው ሲሰሙን ቆዩና «እስቲ ለዚያ ለመጽሔቱ ሰውዬ ጻፉለት» አሉን። ማን ነው ልክ? ለመሆኑ የሮም ገዥዎች ክርስትና ከየት እንደ መጣ ምን ያህል ያውቁ ነበር?

መልስ፦ ዲያቆን፣ ለየኔታ እጅ ነሥቷል በልልኝ። ጓደኞችህን ደግሞ ሁለታችሁም ተረትታችኋል በላቸው። ደብዳቤው የለም። ቃሉ ግን አለ፤ ያውም ከአንዲት በላይ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ ትንሽ ልበል፤ ለመልሱ ያስፈልገኛል። እኔ የታሪክ ምሁር አይደለሁም። ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ 19 ዓመት ራፖር ጸሐፊ ነበርሁ። ንብረቴ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ ዣንጥላና «ሸ» ላይ ስትደርስ የምትነክስ የጽሕፈት መኪና ነበር። አንድ ቀን አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ስለ እርሻ ድንበር ሊከሱ ነገሩን ከአያታቸው ሠርግ ጀመሩልኝ። ማን ለማን ምን ጥሎሽ እንደ ሰጠ፣ የትኛው በሬ በየትኛው ክረምት እንደ ሞተ፣ ጎረቤታቸው በማርያም ማኅበር ላይ ምን ብላ እንደ ወጋቻቸው። ቡና ሁለቴ ጠጣን። እኔ የጻፍሁት ግን «ተከሳሽ ድንበር አልፎ 3 ክንድ ያህል መሬቴን ስላረሰብኝ» የሚል ነው። ዳኛው የሚፈልገው እሱን ነዋ! ዛሬ አንድ ሰው ያንን መዝገብ አቧራውን አራግፎ ቢያወጣው፣ ከእኒያ እናት ዕድሜ ሙሉ የሚያገኘው 3 ክንድ ብቻ ነው።

የሮም ሹማምንት ስለ ክርስትና የተዉልን ጽሑፍ ሁሉ እንዲህ ያለ መዝገብ ነው። የጠየቁትን ያህል አወቁ። የጠየቁት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ያስቸግሩናል ወይ የሚለውን ነበር።

ከጲላጦስ እንነሣ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ጲላጦስ ይሁዳን የገዛው ከ26 እስከ 36 ነው። 10 ዓመት! ለአገረ ገዥ ብዙ ነው። በእነዚያ ዓመታት ወደ ሮም ደብዳቤ ሳይልክ አልቀረም፤ ሹመኛ ሆኖ ወደ በላይ የማይጽፍ የለም። ነገር ግን ከእጁ ወጣ የሚባል አንድም ወረቀት አልተገኘም። የተገኘው ድንጋይ ነው። በ1961 ቂሳርያ ላይ የጥንቱን ቲያትር ሲቆፍሩ አንድ የኖራ ድንጋይ ወጣ። ሰዎች በኋላ ዘመን ነቅለው የደረጃ መርገጫ አድርገውት ኖሯል። ጽሑፉ ግማሹ ጠፍቷል፤ የጢባርዮስ ስም፣ የጲላጦስ ስምና «የይሁዳ አገረ ገዥ» የሚለው ግን ይነበባል።

ከሹመቱ የወረደበትን ታሪክ እኔ በተለይ እወደዋለሁ። አይሁዳዊው ታሪክ ጸሐፊ ዮሴፉስ እንደሚለው፣ ሳምራውያን ገሪዛን ተራራ ሊወጡ ሲሰበሰቡ ጲላጦስ ወታደር ልኮ አስፈጃቸው። የተረፉት ለሶርያው ገዥ ለቪቴሊየስ አቤት አሉ። ቪቴሊየስም ጲላጦስን «ሮም ሂድና ለንጉሡ መልስ ስጥ» ብሎ ሰደደው። ጲላጦስ ሮም ሳይደርስ ጢባርዮስ በመጋቢት 37 ሞተ። እና ዲያቆን፣ ጌታን ለመስቀል አሳልፎ የሰጠውን ገዥ ከወንበሩ ያነሣው አቤቱታ ነው። ያን ቀን በር ላይ ማን እንደ ጻፈላቸው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ታዲያ የደብዳቤው ወሬ ከየት መጣ? ድሮ ነው የመጣው። በ150ዎቹ ገደማ ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለሮሙ ንጉሥ ለአንቶኒኖስ በጻፈው መከላከያ ላይ፣ ያልነው እውነት መሆኑን በጲላጦስ ጊዜ ከተጻፈው መዝገብ ማረጋገጥ ትችላለህ ይለዋል። መዝገቡን አይቼዋለሁ ግን አይልም። በ197 ገደማ የካርታጎው ክርስቲያን ጸሐፊ ተርቱሊያኖስ ጨመረበት፦ ጢባርዮስ ወሬው ደርሶት ክርስቶስ ከአማልክት ጋር ይቆጠር ብሎ ለሮም ሸንጎ አቀረበ፤ ሸንጎው እምቢ አለ፤ ጲላጦስም በልቡ ክርስቲያን ነበር አለ። የእኛ ስንክሳር ጲላጦስን በደግ የሚያነሣው በዚሁ በጥንቱ ወገን ቆሞ ነው። የታሪክ ሰዎች ግን የሸንጎውን ነገር አይቀበሉትም። ከጢባርዮስ ዘመን እስከ ተርቱሊያኖስ 160 ዓመት አለ፤ በመሃል ነገሩን ያነሣ ሌላ ምስክር አይታወቅም። በሰው ሁሉ አፍ ይዞራል፣ ሰነዱን ያየ ግን የለም። እንዲህ ያለ ማስረጃ እኛ ዘንድም ሞልቷል።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው ያስቃል። በ311 ገደማ መክሲሚኖስ የሚባለው የምሥራቁ ቄሳር «የጲላጦስ መዝገብ» የሚል በክርስቶስ ላይ ስድብ የሞላበት ጽሑፍ በየአገሩ እንዲለጠፍ፣ ልጆችም በትምህርት ቤት በቃላቸው እንዲይዙት አዘዘ። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው የቂሳርያው አውሳብዮስ ሐሰትነቱን ያጋለጠው በቀኑ ነው። ጽሑፉ ነገሩ የሆነው ጢባርዮስ በነገሠ በ7ኛው ዓመት ነው ይላል። ጲላጦስ ግን ይሁዳን የያዘው በ12ኛው ዓመት ነው። በቃ፣ አለቀ! እኔም አንድ ጊዜ የመሬት ውል ላይ የፈረመ ምስክር ውሉ ከመጻፉ 2 ዓመት በፊት ተቀብሮ አግኝቼዋለሁ። ሐሰተኛ ሰነድ ሲሠሩ ቃሉን አሳምረው ቀኑን የሚዘነጉት ለምን እንደ ሆነ ዛሬም ይገርመኛል።

አሁን «አንዲት ቃል አልጻፉም» ወዳለው ጓደኛህ ልሂድ።

የሐዋርያት ሥራን አንተ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለህና አልፈዋለሁ። የሮም ገዥ የነበረው ጋልዮስ ቆሮንቶስ ላይ ጳውሎስን ሲያመጡበት የስምና የሕጋችሁ ክርክር ከሆነ እናንተው ጨርሱት ብሎ አባረራቸው። ይህ ጋልዮስ እውነተኛ ሰው ነው፤ ግሪክ አገር ደልፊ ላይ ስሙ ያለበት የሮሙ ንጉሥ የቀላውዴዎስ ደብዳቤ በድንጋይ ተቀርጾ ተገኝቷል፤ በእሱም ዘመኑ 51 ወይም 52 እንደ ሆነ ታውቋል። የይሁዳው ገዥ ፊስጦስ ነገሩ ከአእምሮው በላይ ሆኖበት፣ ሞቷል ስለሚሉትና ጳውሎስ ግን ሕያው ነው ስለሚለው ስለ አንድ ኢየሱስ ነው የሚከራከሩት ብሎ ለአግሪጳ አወራው። ከሁሉ የተሻለ የሚያውቀው ከእሱ በፊት የገዛው ፊልክስ ነበር፤ ሚስቱ ድሩሲላ አይሁዳዊት ናት። እሱ ደግሞ ጳውሎስን ደጋግሞ ያስጠራው ገንዘብ ይሰጠኛል ብሎ ነው። በዚህ ላይ አስተያየት አልሰጥም፤ የፍርድ ቤት በር ኑሮዬን ያስታውሰኛል።

ከዚያ ቀላውዴዎስ አለ። በ49 ገደማ አይሁድን ከሮም አስወጣ። አቂላና ጵርስቅላ ቆሮንቶስ የመጡት በዚያ ሰበብ ነው። ስዊቶኒየስ የሚባለው የነገሥታቱ ታሪክ ጸሐፊ ምክንያቱን ሲነግረን፣ በ«ክሬስቶስ» ቀስቃሽነት ሁልጊዜ ስለሚረብሹ ነው ይላል። «ክሬስቶስ» በዚያ ዘመን የተለመደ የባሪያ ስም ነበር፤ ትርጉሙ «ደጉ» እንደ ማለት ነው። ሌላ ሰው ነው የሚሉ አሉ። ብዙዎቹ ግን ክርስቶስን ለማለት ፈልጎ ነው ይላሉ፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። እንግዲህ አስበው፦ ምኩራብ ውስጥ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ይጣላሉ። የፖሊሱ ሰው ደጅ ቆሞ ያንን ስም ደጋግሞ ይሰማል። የረብሻው መሪ ውስጥ ያለ መሰለው። በቃ፣ ያንኑ ጻፈ።

ይህች የአንዲት ፊደል ነገር ሌላም ቦታ አለች። የሮሙ ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ116 ገደማ ስለ ሮም ቃጠሎ ሲጽፍ፣ በሐምሌ 64 ከተማዋ ስትነድ ሕዝቡ ኔሮንን ስለ ጠረጠረ ንጉሡ ጥፋቱን በክርስቲያኖች ላይ አላከከው ይላል። ከዚያ በአንድ ዓረፍተ ነገር መነሻቸውን ይነግራል፦ ስሙ የመጣው ከክርስቶስ ነው፤ እሱም በጢባርዮስ ዘመን በጲላጦስ ተገድሏል፤ ነገሩ ለጊዜው ጋብ ብሎ እንደ ገና በይሁዳም በሮምም ፈነዳ። ከሮም ትልቅ ሹመኛ ብዕር የወጣ ስለ ክርስትና መነሻ ግልጽ የሆነው ቃል ይኸው ነው። እሱም ቢሆን የጲላጦስን ማዕረግ በራሱ ዘመን አጠራር ነው የጻፈው፤ የቂሳርያው ድንጋይ ሌላ ማዕረግ ነው የሚለው። ከመዝገብ ገልብጦት ቢሆን ኖሮ ባልተሳሳተ ነበር እላለሁ።

ያ የታሲተስ ክፍል ለእኛ የደረሰው በአንድ የብራና መጽሐፍ ነው፤ በ11ኛው መቶ ዓመት የተገለበጠ፣ ዛሬ ፍሎረንስ የሚገኝ። ታዲያ «ክርስቲያኖች» የሚለው ቃል ላይ አንዷ ፊደል ተፍቃ ታርማለች። በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያዩት ከሥሩ «ክሬስቲያኖች» የሚል ወጣ። ይህን ሳነብ ዲማ ጊዮርጊስ አጠገብ በተማሪነቴ ውሃ የማቀብላቸው ጸሐፊ ትዝ አሉኝ። ሲሳሳቱ ብርዑን ጆሯቸው ላይ ሰክተው በቢላ ጫፍ ቀስ አድርገው ይፍቁና በጥፍራቸው ያለሰልሱት ነበር። እኔ «አሁን ጠፋ» ስላቸው፣ ብራናውን ወደ ፀሐይ ዞር አድርገው ያሳዩኛል። ጥላው አለ። ብራና የተጻፈበትን ፈጽሞ አይረሳም።

አሁን ወደምወደው ሰው ደረስን። ፕሊኒ ይባላል። ጥቁር ባሕር ዳር ያለችው የቢታንያና የጳንጦስ አገረ ገዥ ነው፤ አገሩ የዛሬው ሰሜን ቱርክ ነው። የታሲተስ ወዳጅ ነው፤ ለስዊቶኒየስም ከንጉሥ ውለታ የለመነለት እሱ ነው። በ110 እና በ112 መካከል ለንጉሡ ለትራጃን ስለ ክርስቲያኖች የጻፈው ደብዳቤ ከነመልሱ ሙሉውን አለ። ጓደኛህ ጲላጦስ ዘንድ የፈለገውን የሚያገኘው እዚህ ነው።

ደብዳቤው የሚጀምረው ባለማወቅ ነው። ክርስቲያኖች ሲዳኙ ተገኝቼ ስለማላውቅ ምን እንደሚጠየቁና እስከ የት እንደሚቀጡ አላውቅም ይላል። ልጅና አዋቂ ይለያል ወይ? የተጸጸተ ይማራል ወይ? የሚያስቀጣው ስሙ ብቻ ነው ወይስ ከስሙ ጋር የሚሠራ ወንጀል? ደህና ጥያቄዎች ናቸው። ግን መልሱን ሳይጠብቅ ገድሏል! ክርስቲያን ነህ ወይ ብሎ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ነኝ ብሎ የጸናውን ያስገድላል። እምነቱ ምንም ይሁን ምን እልኸኛነቱ ያስቀጣዋል ባይ ነው። የሮም ዜግነት ያላቸውን ወደ ሮም ላከ።

ከዚያ የብዙ ሰው ስም ያለበት፣ የጻፈው ማን እንደ ሆነ የማይታወቅ ወረቀት መጣለት። ዲያቆን፣ ስም የለሽ ወረቀት! ይኼ ነገር ሁለት ሺህ ዓመት ሙሉ አለመሞቱ ነው የሚያናድደኝ። የተጠሩት ሰዎች ክርስቲያን አይደለንም ካሉ፣ ለንጉሡ ምስል ዕጣንና ወይን አቅርበው ክርስቶስን እንዲረግሙ አደረገ። አንዳንዶቹ ነበርን፣ ከተውነው ግን ቆየን አሉ፤ አንዱማ ከተውሁት 25 ዓመት ሆነኝ አለ።

እነዚህን ምን ታደርጉ ነበር ብሎ ጠየቃቸው። መልሳቸው እንዲህ ነው፦ በተወሰነ ቀን ጎሕ ሳይቀድ እንሰበሰባለን። ለክርስቶስ እንደ አምላክ በመቀባበል እንዘምራለን። ላለመስረቅ፣ ላለማመንዘር፣ ቃል ላለማጠፍ፣ አደራ ላለመካድ እንማማላለን። ከዚያ ተበትነን ተመልሰን ምግብ አብረን እንበላለን፤ ምግቡም እንደ ማንኛውም ሰው ምግብ ነው። አንተ ሌሊት ማሕሌት የምትቆም ሰው፣ ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማህ እኔ አልነግርህም።

ፕሊኒ አላመነም። ሁለት ባሪያ ሴቶችን አሰቃይቶ መረመረ። ሴቶቹ በክርስቲያኖቹ ዘንድ «አገልጋዮች» ይባላሉ ይላል። የአንተ ማዕረግ መሆኑ ነው። ያገኘው «የከፋ፣ መጠን ያለፈ ከንቱ እምነት» ብቻ እንደ ሆነ ጽፎ ተወው። ስማቸውን እንኳ አልመዘገበም። እኔ በ19 ዓመት ውስጥ ስም ሳልጽፍ ያስገባሁት ወረቀት የለም።

ሙሉውን ደብዳቤ ብታነበው ክርስቶስ የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንዳስተማረ፣ እንዴት እንደ ሞተ አንዲት መስመር አታገኝም። ሴቶቹ ሳይናገሩ ቀርተው አይመስለኝም። ለትራጃን አያስፈልገውም፤ ስለዚህ አልገባም። የገባው ቤተ መቅደሶች ሰው አጥተው እንደ ነበር፣ የመሥዋዕት ሥጋ ገዢ እንዳጣና አሁን ገበያው እየተመለሰ መሆኑ ነው። ትራጃን በጥቂት መስመር መለሰ፦ ፈልጋችሁ አታሳዷቸው። ተከሰው ከተረጋገጠባቸው ይቀጡ። የካደ ይማር። ስም የለሽ ወረቀት ግን አትቀበሉ፤ መጥፎ ልማድ ነው፣ ለዘመናችንም አይገባም። በዚህች በመጨረሻዋ ብቻ ትራጃንን አከብረዋለሁ።

አንድ ቄሳር ግን መነሻውን ራሱ እንደ ጠየቀ ይተረካል። ከ81 እስከ 96 የነገሠው ዶሚቲያን ነው። ወሬውን ያቆየው ሄጌሲጶስ የሚባል የ2ኛው መቶ ዓመት ክርስቲያን ሲሆን፣ ለእኛ ያደረሰው አውሳብዮስ ነው። የዳዊት ዘር ንግሥናን ይጠይቃል ብሎ የፈራው ዶሚቲያን የጌታ ወንድም የተባለውን የይሁዳን የልጅ ልጆች አስመጣቸው። ከዳዊት ዘር ናችሁ? አዎ። ምን ያህል ሀብት አላችሁ? መሬት ብቻ፣ ለሁለታችን 39 ፕሌትራ (የግሪኮች የመሬት መለኪያ ነው)፣ ግምቱ 9,000 ዲናር፤ ራሳችን አርሰን ግብር እንከፍልበታለን አሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉለት። መዳፋቸው ከሥራ ብዛት ጠጥሯል። ስለ ክርስቶስና ስለ መንግሥቱ ሲጠይቃቸው በምድር አይደለም፣ በዘመን ፍጻሜ የሚመጣ ነው አሉት። ንቋቸው ለቀቃቸው።

እውነት ሆኗል አልሆነም፣ ያን መዳፍ እኔ አውቀዋለሁ። ማመልከቻ ላይ በአውራ ጣት ሲፈርሙ ቀለሙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባና አሻራው መስመር በመስመር ሆኖ ይወጣ ነበር። የዶሚቲያን ጸሐፊ ይኖራል ብዬ አስባለሁ። የመሬቱን ስፋት፣ ግምቱንና ግብሩን በደንብ ይዟል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፈው፤ አስተማሪ ነኝ። በሮም ዘመን ሰው ክርስቲያን አለመሆኑን የሚያረጋግጥ ወረቀት ያወጣ ነበር የሚባለው እውነት ነው? ተማሪዎቼ ጠይቀውኝ «አይመስለኝም» ብዬ አለፍሁ።

መልስ፦ እመቤቴ፣ ነገ ክፍል ሲገቡ ያርሙት፤ እውነት ነው። ብቻ ወረቀቱ ላይ «ክርስቲያን» የሚል ቃል አይገኝም። በ249 የነገሠው ዴክዮስ የግዛቱ ሰው ሁሉ ለአማልክት ይሠዋ ብሎ አዘዘ። የሠዋ ሰው በምስክር ፊት መሠዋቱን የሚገልጽ ማረጋገጫ ይወስድ ነበር። ከ40 የሚበልጡ በግብፅ ከአሸዋ ውስጥ ተገኝተዋል፤ በፓፒረስ የተጻፉ ናቸው። ቃላቸው አንድ ዓይነት ነው፦ ሁልጊዜ ለአማልክት ስሠዋ ኖሬአለሁ፤ አሁንም በትእዛዙ መሠረት በፊታችሁ ሠውቻለሁ፣ ከመሥዋዕቱም ቀምሻለሁ፤ እንድትፈርሙልኝ እለምናለሁ። ስሙና መንደሩ ብቻ ይለወጣል። የሙያ ባልደረቦቼ ሥራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል፤ እኛም ለመታወቂያ ማመልከቻ አንድ ቃል ይዘን ስም ብቻ እንቀይር ነበር።

አንደኛው የአውሬሊዮስ ዲዮጋንስ ነው፤ የሳታቡስ ልጅ፣ ፋዩም ውስጥ የእስክንድር ደሴት በምትባል መንደር የሚኖር። ዕድሜ 72። ፎቶግራፍ የለ፣ ጸሐፊው መለያውን ጻፈለት፦ በቀኝ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ቀኑ በግብፆች አቆጣጠር ኤጲፍ 2፣ በእኛ ሐምሌ 2 ነው።